ሸክላው ከካሜራው በምን ያንሳል?

ስለ ዘመናዊ ጥበብ ስናወራ ለካሜራው እናጨበጭባለን፤ ሸክላውን ግን «የእጅ ሥራ ነው» ብለን ወደ ጓዳ እንመልሰዋለን። ይህ ፍርድ ልክ አይደለም እንላለን።

አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 ለዋተርኤድ ድርጅት በዳሎል ያነሳችውን «ዋተር ላይፍ» የተሰኘ የፎቶግራፍ ስብስብ እንመልከት። ጉዳዩ ውሃና ውሃ የሚያደክማቸው ሴቶች ናቸው። አይዳ የሞዴሎቿን ፊት ቀብታ፣ በደማቅ ልብስ አስጊጣ በጨው ምድር ላይ አቁማቸዋለች። የለመድነውን የረሃብ ፎቶግራፍ መስበሯ ትልቅ ነገር ነው። ግን ድካሙስ የት ገባ? ውበቱ ጥማቱን ይሸፍንብናል።

ናይሮቢ የተወለደችው ማግደለን ኦዱንዶ ደግሞ ያለ መንኮራኩር፣ ጭቃውን በእጇ እየደራረበች ታቆመዋለች፤ እስኪያብረቀርቅ ትወለውለዋለች። እሳቱ አየር ሲያገኝ ቀይ፣ ሲታፈን ጥቁር ያወጣል። ሆዱ ተነፍቶ አንገቱ ሲመዘዝ፣ ዕቃው ሴት መስሎ ይቆማል። እዚህ ድካሙ ከቅርጹ አልተለየም።

ይህን ሙያ ከትምህርት ቤት ብቻ አላገኘችውም። በ1970ዎቹ ናይጄሪያ ሄዳ ከነላዲ ክዋሊ ተምራለች። የላዲ ክዋሊ ምስል ዛሬ በአገሯ የ20 ናይራ ኖት ላይ ታትሟል።

እኛስ ዘንድ? አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም፣ «ሸክላ ሠሪ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ኖረ። ቡናውን እያጣጣምን ጀበናውን የሠራችውን እንንቃለን። እንዲህ ሆነን ስለ ሕዝብ ጥበብ ብንለፈልፍ ምን ዋጋ አለው? ኤግዚቢሽን ሲከፈት የሸክላ ሠሪዋ ስም ከፎቶ አንሺዋ ስም እኩል ይጻፍ!