የሙላቱ የመጀመሪያ ሸክላ

የጅማን መንገድ ይዘን ከአየር ጤና በአለም ገና ወደ ሰበታ ስንወጣ በጆሮዬ የምሰካው የጅማውን ልጅ ሙላቱ አስታጥቄን ነው። የምመርጠው ግን ሁሉም የሚያውቃቸውን የኋላ ሥራዎቹን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ በሁለት ቅጽ ያወጣውን የመጀመሪያ አልበሙን፣ «አፍሮ ላቲን ሶል»ን ነው።

ሙላቱ ያኔ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ነበር። ለንደን ተምሮ፣ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ወጥቷል። ባንዱን «የኢትዮጵያ ኩንቴት» ቢለውም አብረውት የተጫወቱት በብዛት የፖርቶ ሪኮ ልጆች ናቸው።

ልቤን የሚወስደው «አይፈራም ጋሜ አይፈራም» ነው። ያ የምናውቀው የጀግና ዜማ እዚህ በስፓኒሽ ይዘፈናል! ከሥሩ ኮንጋው ፋታ አይሰጥም፤ ዜማው ግን ባዕድ አገር እንዳደገ የአገር ልጅ ገና ከሩቁ ይለያል። ፎክሮ ያደገ ሰው እግሩን ማሳረፍ አይችልም።

ሁሉም ዘፈን እኩል ነው አልልም፤ አንዳንዱ የዘመኑ የጭፈራ ቤት ላቲን ነው። ቫይብራፎኑ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሙላቱ አንዱን ድምፅ መትቶ እስኪንሳፈፍ ይተወዋል፣ ቀጣዩን ሳይቸኩል ያስከትላል። እ.ኤ.አ. በ1972 «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ላይ ጎልምሶ የምንሰማው ኢትዮ ጃዝ እዚህ እየበቀለ ነው።

ስትረት የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ዳግም ስላወጣው ማግኘት አይቸግርም። ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሩ።