ጎረቤትን ያላስተማረ ነጻነት፦ የድሬዳዋ ትምህርት ቤቶችና የከተማው የጋራ ኑሮ

ሥርዓተ ትምህርትን ከቅኝ አገዛዝ አስተሳሰብ ስለማላቀቅ በአገራችን የሚደረገው ክርክር አንድ መለኪያ አለው፤ መጽሐፉ ውስጥ የማን ጀግና፣ የማን ዕውቀት፣ የማን ቋንቋ ገባ? ይርጋ ገላው ወልደየስ በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ኔቲቭ ኮሎኒያሊዝም» በተሰኘ የእንግሊዝኛ መጽሐፉ፣ ቅኝ ባልተገዛች አገር የምዕራቡን ዕውቀት በትምህርት በኩል የጫኑት የራሷ ልሂቃን ናቸው ሲል ይሞግታል። ክሱ ብርቱ ነው። ዋና ምስክሮቹ ግን የላሊበላ ተማሪዎች ናቸውና ድሬዳዋ ሲደርስ ይላላል። በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተወለደች፣ በዕቅድ የተቀየሰው የከዚራ ሰፈርና እንዳመጣለት ያደገው መጋላ በደቻቱ ወንዝ ወዲያና ወዲህ የሚተያዩባት ከተማ፣ እንደ ላሊበላ የምትመለስበት አንድ ጥንታዊ ጉባኤ ቤት የላትም። ቅርሷ ጉርብትና ነው። ስለዚህ ጥያቄውም ይለወጣል፤ የትምህርት ተሐድሶው ጎረቤታሞቹን አቀራረበ ወይስ አራራቀ?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲወስን፣ በድሬዳዋ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ የማስተማሪያ ቋንቋዎች ሆኑ። ልጅ የቤቱን ቋንቋ በክፍል ውስጥ ሳያፍር ተናገረ፤ እናትም መምህሩን ያለ አስተርጓሚ ጠየቀች። ይህን ማሳነስ ነውር ነው።

የቋንቋ ለውጥ ብቻውን ነጻነት እንዳልሆነ ግን ታሪክ ይመሰክራል። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ባወጣው ድንጋጌ በሐረር ግዛት ትምህርት በሐረሪና በኦሮምኛ፣ በሶማሌ ግዛት ደግሞ በሶማልኛ እንዲሰጥ አዝዞ ነበር። ወራሪው የልጆቹን ቋንቋ የመረጠው ለልጆቹ አስቦ አልነበረም፤ ከፋፍሎ መግዛት ስለፈለገ እንጂ። ይህን ማስረጃ እየመዘዙ የአፍ መፍቻ ትምህርትን የሚያወግዙ አሉ፤ እኔ ከእነሱ ጋር አይደለሁም። ማስረጃው የሚያሳየው ያው ቋንቋ ማስከበሪያም ማጠሪያም ሊሆን እንደሚችል ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው ልጁ ከቋንቋው ተነስቶ ወደ ማን እንዲሻገር መንገድ እንደተበጀለት ነው።

የ1986ቱ ፖሊሲ ይህን መንገድ አስቦት ነበር። እጅግ የምወደውና እጅግ የተዘነጋው አንቀጹ፣ ተማሪው ለባህል ግንኙነት ቢያንስ አንድ የብሔረሰብ ቋንቋ መርጦ መማር እንደሚችል ይገልጽ ነበር። መምህር ያልተመደበለት፣ ክፍለ ጊዜ ያልተያዘለት፣ ፈተና ያልወጣለት ምርጫ ግን ምርጫ አይደለም። ውጤቱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው መንገድ ሆነ። በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ የሚማረው ልጅ አማርኛን እንደ ትምህርት ዓይነት ይወስዳል፤ በአማርኛ የሚማረው የድሬ ልጅ ግን የጎረቤቱን ቋንቋ እንዲማር የሚያስገድደው አልነበረም። ሦስቱም በአንድ የማስተማሪያ ቋንቋ የሚገናኙት 9ኛ ክፍል ላይ ሲሆን፣ የሚያገናኛቸውም ለሁሉም ባዕድ የሆነው እንግሊዝኛ ነው። ያ ቋንቋ ደግሞ ደጅ ጠባቂ ነው፤ ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለውድቀቱ ብዙ ምክንያት አለው፤ የፈተናው ቋንቋ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ አይደለም ማለት ያስቸግራል።

መዘዙ ከክፍል ያልፋል። ቀፊራ ገበያ በአንድ ግብይት ሦስት ቋንቋ የሚያፈራርቅ ልጅ ብርቅ አይደለም፤ ድሬዳዋን ድሬዳዋ ያደረጋትም እሱ ነው። ሥርዓተ ትምህርት ነዳፊዎች ይህን ልጅ ቢያጠኑት ከብዙ ዐውደ ጥናት ይልቅ በተማሩ ነበር። ይሁንና ገበያ ሰላምታና ዋጋ ያስተምራል እንጂ ደንብ ማንበብን፣ በበጀት ላይ መከራከርን፣ አቤቱታ መጻፍን አያስተምርም። እነዚህን ማስተማር የትምህርት ቤት ድርሻ ነበር። ትምህርት ቤት ድርሻውን ሲተው የቀበሌ ስብሰባ በአስተርጓሚ እጅ ይወድቃል፤ የሚያስተረጉመውም የትኛው ቅሬታ እንደሚሰማ የመወሰን ሥልጣን ያገኛል። እድሩና አቻው የሆነው መረዳጃ ማኅበር አፎሻ በየራሳቸው ጠንካራ ሆነው ሳሉ በጋራ ጉዳይ ላይ አብረው መምከር ሲቸግራቸው፣ ጥፋቱን በነዋሪው ጠባይ ላይ ማላከክ ስንፍና ነው።

ሰበብ የለም። ድሬዳዋ በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 416 የራሷ ቻርተር አላት፤ የራሷ ትምህርት ቢሮም አላት። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲም ለአፋን ኦሮሞና ለሶማልኛ ከአማርኛ ጎን የፌዴራል የሥራ ቋንቋ የመሆን በር ከፍቷል። ቢሮው ማንኛውም የከተማዋ ተማሪ ከሦስቱ ቋንቋዎች ቢያንስ ሁለቱን አንብቦና ጽፎ 8ኛ ክፍልን እንዲጨርስ ግዴታ ያድርግ፤ መምህራኑንም ከአሁኑ ያሠልጥን። ልጅን ከወላጁ አስታርቆ ከጎረቤቱ ያለያየ ተሐድሶ ሥራውን ገና አልጨረሰም።