ጠቡ የነሱ፣ ዕዳው የጎንደር

በ1735 እንግሊዝ ውስጥ ስለ አገራችን የሚተርክ አንድ መጽሐፍ ታተመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን እዚህ የነበረው ፖርቹጋላዊው ጀስዊት ጄሮኒሞ ሎቦ ያየውን የተረከበት ነው። ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሰው ግን ስሙን አላስቀመጠም። ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ገንዘብ ቸግሮታል፤ ሐበሻ አገርን ከወረቀት ላይ በቀር አያውቃትም። ይህ ሰው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። በ1759 ደግሞ ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል «ራሴላስ»ን ጻፈ፤ እሱም መጀመሪያ የወጣው ያለ ስም ነው።

ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ ከጎንደር ተመልሶ በ1774 ለንደን ሲገባ ግን ጆንሰን ስም የለሽ አልነበረም። መዝገበ ቃላቱን አሳትሟል፤ እሱ የተናገረው ከተማውን ይዞራል። በማግስቱ ዓመት ሁለቱ ተገናኙ። ጆንሰን ሰውየው ጥርት አድርጎ መተረክ እንደማይችል ተናገረ፤ ኋላማ ጭራሽ መሄዱንም ሳይጠራጠር አልቀረም ይባላል። እንግዲህ ተመልከቱ፦ ሳይሄድ፣ ስሙንም ሳይጽፍ ስለ ሐበሻ ያሳተመው ሰው፣ ሄዶ የመጣውን ይመረምራል።

ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ብሩስ በ1790 ያሳተመውን ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ የጀመርኩት ስለ ጎንደር ለማወቅ ነበር። ሳላስበው የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው፦ የመንገደኞች ጠብ። ስማቸውን የደበቁ፣ በብዕር ስም የሚሳደቡ፣ በሙሉ ስማቸው የሚዋሹ፤ «እኔ ነኝ ቀድሜ የደረስኩት»፣ «አንተ እኮ አልሄድክም»። ዛሬ ሰው በስልኩ የሚጣላውን ሁሉ እነሱ በቆዳ በተጠረዘ መጽሐፍ ተጣልተውታል። ዘመናችን ስለዚህ ዓይነቱ ነገር የያዘው አቋም ቀላል ነው፤ ሰው ስሙን ሲደብቅ ይባልጋል፣ ስሙን ሲያወጣ ይታረማል። የብሩስ ታሪክ ይሄን አያሳይም። የሚያሳየው ሁለት ነገር ነው፤ ስም ማውጣት ማንንም ከውሸት እንዳላዳነ፣ የጠቡንም ዋጋ የከፈሉት ተጣዪዎቹ ብቻ እንዳልነበሩ።

ከራሱ ከብሩስ እንጀምር። ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ጊሽ ዓባይ ደረሰ፤ ዛሬ ሰከላ የምንለው አካባቢ። ከምንጩ ውሃ በኮኮናት ቅርፊት ቀድቶ ስለ ንጉሡ ስለ ሦስተኛው ጆርጅ ጤና ጠጣ። ደስታው ሙሉ እንዲሆን ግን የመጀመሪያው አውሮፓዊ መሆን ነበረበት፤ አልነበረም። ስፔናዊው ጀስዊት ፔድሮ ፓኤዝ ኤፕሪል 21 ቀን 1618 እዚያው ቦታ ቆሟል። ሎቦም ከእሱ በኋላ ደርሷል። ስለዚህ ብሩስ በመጽሐፉ ውስጥ የሞቱትን ሰዎች ይከሳል። ፓኤዝ አልደረሰም ብሎ ይሟገታል፤ ሎቦን ደግሞ ውሸታም ያደርገዋል። አንድ ሰው 152 ዓመት ተቀድሞ ሳለ ሙግቱን ለማሸነፍ ያን ሁሉ ገጽ ሲፈጅ ማንበብ ይደክማል። ይኸውም በሙሉ ስሙ፣ በትልልቅ ፊደል ሽፋኑ ላይ ታትሞ ነው።

ለንደን በበኩሏ አልማረችውም። ብሩስ ከአክሱም በሚወስደው መንገድ ላይ ሰዎች ከቁም ላም ሥጋ ቆርጠው፣ ቆዳውን መልሰው፣ ላሟን እየነዱ ሲሄዱ አየሁ ብሎ ተረከ። ሐበሾች ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ማለቱም ሌላ መሳቂያ ሆነበት። የመጀመሪያው ወሬ በርግጥ ማስረጃ የሚጠይቅ ነው፤ እኔም ብሆን እጠይቃለሁ። ሁለተኛው ግን? ቁርጥ እኮ ነው! በዓል ሲመጣ ሥጋ ቤት ተሰልፈን የምንገዛው። የለንደን ሊቃውንት ሁለቱን ወሬዎች በአንድ ጆንያ ከተቷቸው፤ ጆንያውንም ውሸት ብለው ሰየሙት። አንዱን ከሌላው ለመለየት ጎንደርን የሚያውቅ አንድ ሰው መጠየቅ በቂ ነበር። የጠየቀ የለም።

መጽሐፉ በወጣበት በ1790 ፒተር ፒንዳር በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ አንድ ገጣሚ በብሩስ ላይ የሚሳለቅ ግጥም አሳተመ። በ1792 ደግሞ የባሮን ሙንቻውዘን ቅጥፈቶች ተከታይ የሚባል መጽሐፍ ወጣ፤ ለብሩስ የተበረከተ ነው፣ ደራሲው ስሙን አልጻፈም። በማዕድ ላይ የተቀለደበትም አለ። በእንግሊዝኛ የክራር ዓይነቱ መሣሪያ ስምና «ውሸታም» የሚለው ቃል ድምፃቸው አንድ ነው። ሐበሻ አገር ምን የሙዚቃ መሣሪያ አለ ተብሎ ሲጠየቅ ብሩስ አንድ ክራር አይቻለሁ አለ፤ ያኔ ጆርጅ ሴልዊን የሚባለው ቀልደኛ፣ እሱ ከወጣ ወዲህ አንድ ቀንሷል ብሎ ለጎረቤቱ ሹክ አለ ይባላል። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሰው ጥሩ ቀልድ ነው። ክፉም ቀልድ ነው፤ ምክንያቱም መልስ የለውም። ለክስ መልስ ይሰጣል፤ ለቀልድ ምን ይባላል?

እስካሁን ያልኩት ስም የለሾቹን የሚያስወቅስ ይመስላል። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ባሉጋኒ ብሩስ ከጣልያን ቀጥሮ ያመጣው የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊ ነበር። የሰሜን አፍሪካን ፍርስራሾች፣ በኋላም የአገራችንን ዕፅዋት የሣለው እጅ የእሱ ነው። በ1771 እዚሁ አገራችን ሞተ። ብሩስ በመጽሐፉ ባሉጋኒን ወደ ጊሽ ከመሄዳቸው በፊት የሞተ አድርጎ ጻፈው፤ ሥዕሎቹንም የራሱ አስመሰላቸው። በምንጩ ዳር በተጠጣው ጽዋ ላይ ባሉጋኒ የለም። ነገር ግን ባሉጋኒ በየቀኑ የመንገዱንና የአየሩን ሁኔታ ይመዘግብ ነበር፤ መዝገቡም ከብሩስ ወረቀቶች ጋር ተረፈ። እዚያ ውስጥ ሰውየው በሕይወት አለ፣ ወደ ጊሽም እየሄደ ነው። በእኔ ሙያ ይሄን ሎግ እንለዋለን፤ ማንም ሊኩራራበት ብሎ የማይጽፈው፣ ሰዓቱንና የሆነውን ብቻ የሚይዝ መዝገብ። ሰው «ሲስተሙ አልወደቀም» ሊል ይችላል፤ ሎጉ ግን የወደቀበትን ደቂቃ ይዞ ቁጭ ብሏል።

ልብ በሉ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ውሸት የዋሸው ፒተር ፒንዳር አይደለም፣ የሙንቻውዘኑ ስም የለሽም አይደለም። ስሙን፣ ማዕረጉንና ርስቱን ከነአገሩ ያስመዘገበው ሰው ነው። የዋሸውም ስለ ሐበሻ አይደለም፣ አብሮት ስለተጓዘው ሰው ነው።

ስለዚህ ስምን መለኪያ ማድረግ አይረባም። የማውቀው ሌላ መለኪያ አለ፤ ከሥራ የመጣ ነው። «ፕሮግራማችሁ አይረባም» ብሎ ሙሉ ስሙን ከነሥልጣኑ የሚጽፍልኝ ተጠቃሚ አለ። ስሙን ሳይጽፍ «ይሄን ቁልፍ ተጭኜ፣ ከዛ ወደ ኋላ ስመለስ፣ ሒሳቡ ሁለት ጊዜ ይደመራል» የሚልም አለ። የመጀመሪያው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ምንም ግን አልነገረኝም። የሁለተኛውን ሰው ማንነት አላውቅም፤ ያለውን ግን ራሴ ሞክሬ ማየት እችላለሁ። ባግ የሚስተካከለው በሁለተኛው ነው። የመንገደኛ ጽሑፍም እንዲሁ ነው። ሌላ ሰው በዚያው መንገድ ሄዶ የሚያረጋግጠው ወይም የሚያፈርሰው ነገር ትቶልናል ወይ? ጥያቄው ይሄ ነው።

ይሄ መለኪያ ለሌላም ጠብ ይሠራል። በ1840ዎቹ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከፋ ድረስ ሄጄ ነበር አለ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ አልሄድክም አለው፤ በዚህ ላይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አሳተመ፤ የፓሪስ ጂኦግራፊ ማኅበር የሰጠውን የወርቅ ሜዳልያ እስከ መመለስ ደረሰ። ሁለቱም በየስማቸው፣ ሁለቱም የተማሩ፣ ሁለቱም ጎጃምን የረገጡ ናቸው። ዳባዲ የነጭ ዓባይን ምንጭ ጊቤ አካባቢ ነው ማለቱ ስህተት ነበር፤ በዚህ ቤክ ልክ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ የሜዳልያውን ነገር ማን ያስታውሳል? የዳባዲ የመሬት ልኬት ግን አለ፤ የሰበሰባቸው ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት ፓሪስ አሉ፤ በ1881 ያሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሁንም ይገለበጣል። ከጠቡ የተረፈው ጠብ ያልተነሳበት ሥራ ነው።

የብሩስ ጠብ ግን እንዲህ በነጻ አላለፈም፤ ርዕሴም ከዚህ የመጣ ነው። ብሩስ በ1774 ተመለሰ፣ መጽሐፉ በ1790 ወጣ። በመካከሉ 16 ዓመት አለ። ለመዘግየቱ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ የርስት ክርክር፣ ትዳር፣ የሚስቱ ሞት። ሳቁ ግን አንዱና ዋናው ነው። ሰውየው ተናዶ ስኮትላንድ ገባ፣ ብዕሩንም ጣለ። በመጨረሻ ሲጽፍም አብዛኛውን ለጸሐፊ እየነገረ ከትዝታው አውጥቶ ነው፤ ቀናት ተደበላለቁ፣ ንግግሮች ተዋቡ፣ እሱም በየትዕይንቱ መሃል እየገባ ቆመ።

እስቲ ምን እንደዘገየና ምን እንደደበዘዘ አስቡ። ዘመነ መሳፍንት ሲጀምር ጎንደር ውስጥ የተቀመጠ የውጭ ሰው ነው። ራስ ሚካኤል ስሑልን ፊት ለፊት አናግሯል። ቁስቋም ላይ እቴጌ ምንትዋብን አይቷል፤ በግቢያቸው ፈንጣጣ ሲገባ ሕሙማኑን አክሟል። ወይዘሮ አስቴርን ያውቃታል። የሰርባኩሳ ጦርነት ሲካሄድ አገር ውስጥ ነበር። ወደ አውሮፓም መጽሐፈ ሄኖክን በግእዝ ይዞ የሄደ እሱ ነው። የዚያን ጊዜ ዜና መዋዕል አለን፤ ዜና መዋዕል ግን የእቴጌይቱን የቤት ውስጥ ጨዋታ አይጽፍም። ብሩስ በ1775 ትኩሱን ቢጽፈው ኖሮ ዛሬ ስለዚያች ከተማ የምናውቀው ምናልባት ሌላ ይሆን ነበር። ለንደን በሳቋ ምንም አልጎደለባትም፤ የጎደለው ከእኛ ነው።

ስለዚህ ብሩስን እንዴት እናንብበው? ጥዬው ልሂድ ብል የምጥለው ጎንደርን ነው። እንዳለ ልቀበለው ብል ባሉጋኒን እንደገና እቀብረዋለሁ። የያዝኩት ዘዴ ቀላል ነው። ብሩስ የሚሟገትበትን ገጽ እጠራጠራለሁ፤ ፓኤዝ ባለበት፣ ሎቦ ባለበት፣ የእሱ ጀግንነት ባለበት። መሟገቱን የሚረሳበትን ገጽ አምነዋለሁ። ሕመምተኛ ልጅ ያለበትን ክፍል መስኮቶች እንዴት እንደከፈተ ሲጽፍ ማንንም አይረታም። በጊሽ ስለሚኖረው ሽማግሌ፣ ክፍለ ዓባይ ስለሚለው የምንጩ አገልጋይ ሲጽፍም እንዲሁ። አዛውንቱ ዕድሜውን በሙሉ ምንጩ አጠገብ ኖሯል፤ «ማን አገኘው?» የሚለው ጥያቄ እሱን የሚመለከተው አልነበረም። ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ እንላለን፤ በዚህ ጠብ ውስጥ የውሃውን ሥር ሁሉም ፈለገ፣ የነገሩን ሥር የያዘውን ሰው ግን የጠራው አልነበረም።

በመጨረሻ አንድ የጠየቀ ተገኘ። ሄንሪ ሶልት ሁለተኛ ጉዞውን ባደረገበት በ1810 ትግራይ ውስጥ ብሩስን በጎንደር የሚያውቅ አንድ ሊቅ አገኘ፤ በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ «ዶፍተር ኤስተር» ብሎ ጽፎታል። ሊቁ አንዳንዱን አጸና፣ አንዳንዱን አፈረሰ፤ ሰውየው በቤተ መንግሥቱ የተከበረ እንግዳ እንደነበር መሰከረ፣ ተሾምኩ ያለውንና ተዋጋሁ ያለውን ግን አልተቀበለም። የቁም ላሟም ወሬ በዚያው መጽሐፍ መልስ አገኘ፤ አገር ውስጥ ለዓመታት የቆየው ናትናኤል ፒርስ ወታደሮች ይህንኑ ሲያደርጉ ማየቱን ተናገረ። በቃ። ስድብ የለ፣ ግጥም የለ፣ ሜዳልያ የለ። ብሩስ ለንደን ከገባ 36 ዓመት ሆኖት፣ ከሞተም 16 ዓመት አልፎት ነበር።