ከዘቢብ የተወለደ መራራ

የወይን ጠጅን በአማርኛ የሚያስተዋውቁ ጽሑፎች አንድ የጋራ ሕመም አለባቸው፤ ቃሉን ይተረጉማሉ፣ ጣዕሙን ግን ይተዉታል። «ሙሉ አካል ያለው ቀይ ወይን» የሚለውን ሐረግ ያነበበ ሰው ብርጭቆው ውስጥ ምን እንደሚጠብቀው ሊገምት አይችልም። ጉድለቱን አጉልቶ የሚያሳይ ወይን ቢፈለግ ከኢጣሊያው አማሮኔ የተሻለ አይገኝም።

አማሮኔ የሚጠመቀው ከቬሮና ከተማ በስተሰሜን ባሉት የቫልፖሊቼላ ኮረብታዎች ነው። ኮርቪና፣ ኮርቪኖኔና ሮንዲኔላ የተባሉት የወይን ዓይነቶች በመስከረም ከተለቀሙ በኋላ ወዲያው አይጨመቁም። ነፋስ በሚያገኘው ሰገነት፣ በሸምበቆ ርብራብ ወይም በሣጥን ተዘርግተው ከሦስት እስከ አራት ወር ይደርቃሉ። ከክብደታቸው ሲሶ ያህሉን ካጡ በኋላ በታኅሣሥና በጥር ብርድ ተጨፍልቀው ቀስ ብለው ይፈላሉ። ፍላቱ ስኳሩ ሳያልቅ ከተገታ ሬቾቶ የተባለው ጣፋጭ ወይን ይሆናል፤ እርሾው ስኳሩን በልቶ ከጨረሰው ግን አማሮኔ ይወለዳል። ስሙም «ታላቁ መራራ» እንደ ማለት ነው። አልኮሉ ከመቶ 14 እጅ አያንስም፤ ለገበያ ከመውጣቱ በፊትም ቢያንስ 2 ዓመት ይቆያል።

ለመሆኑ ከዚህ ሁሉ ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ የሚሆነው የቱ ነው? የደረቀውን ፍሬ ዘቢብ እንለዋለን፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይንም ከተዘፈዘፈ ዘቢብ የሚጨመቅ ነው። «ደረቅ» ከውጭ የተገለበጠ ቃል ይመስላል እንጂ ጠጅ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ደረቁን ከለስላሳው ለይቶ ያዛል፤ ደረቁ ማሩ በፍላት አልቆ ጌሾው ጎልቶ የወጣበት ነው። በአማሮኔ አተላ ላይ ዳግመኛ የሚፈላው ሪፓሶም ቅራሪን ያስታውሳል፤ ልዩነቱ የሚጨመረው ውኃ ሳይሆን ወይን መሆኑ ነው።

የሚያስቸግረው «መራራ» የሚለው ቃል ነው። በአማርኛ የኮሶና የሐዘን ቃል ስለሆነ ተርጓሚው ሊያለሳልሰው ይፈተናል። መፍትሔውን የሚጠቁመን ግን መጠጥ በ1983 እ.ኤ.አ. በሕግ በታገደባት በካርቱም የሚታወቅ ሌላ መጠጥ ነው። አርካዊት የኖረ ኢትዮጵያዊ ረመዳን ሲቃረብ ከየቤቱ የሚወጣውን የሒሉ ሙር ሽታ አይረሳውም። የማሽላ ብቅል ከቅመም ጋር ተቦክቶ በስሱ ይጋገራል፤ ደርቆ ይቀመጥና በማፍጠሪያ ሰዓት በውኃ ይዘፈዘፋል። አልኮል የለውም፤ ስሙ ግን በዐረብኛ «ጣፋጭ መራራ» ማለት ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙዎቹን ጎረቤቶቻችንን ቢበትንም ይህን ትምህርት ትተውልናል፤ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ማስቀመጥ አያሳፍርም።

አማሮኔም የሚመዘነው በዚሁ ነው። ሽታው የዘቢብ፣ የደረቀ ቼሪና የካካዎ ነው፤ ምላስ ማር ሲጠብቅ ወፍራምና ሞቃት ወይን ይመጣል፣ ኋላም ምሬቱ ይከተላል። በደካማ እጅ ሲጠመቅ አልኮሉ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ፍሬውም ማርማላታ ማርማላታ ይላል። በርበሬው ከበዛ ወጥ ጋርም አይስማማም፤ አልኮሉ ቃጠሎውን ያባብሰዋል። በዝግታ የበሰለ ሥጋና የቆየ አይብ ይሻለዋል።

ስለዚህ የሚቀጥለው ተርጓሚ «ሙሉ አካል» የሚለውን ትቶ እንዲህ ቢጽፍ አንባቢው ይረዳዋል፤ «ከዘቢብ የተጠመቀ ደረቅ ወይን፤ ሽታው ጣፋጭ፣ መጨረሻው መራራ»።