የቀረው ባልና የሄደችው ሚስት

አንባቢ ሆይ፥ በዘመናችን ከሰው አፍ የማይለየው ቃል «ጊዜ የለኝም» የሚለው ነው። ታማሚ ጠይቅ ሲሉት፥ የተጣላ አስታርቅ ሲሉት፥ ሐዘንተኛ አጽናና ሲሉት፥ ሰው ሁሉ ይህን ቃል እንደ ጋሻ ይመክትበታል። እኛ በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች ግን ቃልን በሰሙ ብቻ አንቀበልምና፥ ወርቁን ለማግኘት ሁለት ታሪኮችን እናስተያያለን። አንዱ በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 14 የተጻፈው የታላቁ እራት ምሳሌ ነው። ሁለተኛው በሐዋሳ አጠገብ በቱላና በመላው ሲዳማ የሚታወቀው የፍቼ ጫምባላላ በዓል መነሻ ታሪክ ነው።

የወንጌሉ ምሳሌ አነጋገሩ እጅግ የረቀቀ ነው። ለእራት ከተጠሩት አንዱ በገዛው መሬት አመካኘ፤ ሁለተኛው በአምስት ጥማድ በሬ አመካኘ፤ ሦስተኛው ባገባት ሚስት አመካኘ። ከሦስቱ ሥራ አንዱ ስንኳ ኃጢአት አይደለም፤ የምሳሌውም ብርታት ከዚህ ላይ ነው። ሰርቆ ወይም ሰክሮ የቀረ ሰው ቢኖርበት ኖሮ፥ ሰሚው በዚያ ሰው ላይ ይፈርዳል እንጂ ራሱን አይመረምርም ነበር። ደግሞስ መሬትን ሳያይ፥ በሬንም ሳይፈትን የሚገዛ ገበሬ ከወዴት ይገኛል? እራትስ የሚበላው በማታ አይደለምን? ሰሙ በሬ ነው፤ ወርቁ ግን አለመውደድ ነው። ሁለቱስ ይቅርታ ለምነው ቀሩ፤ ሚስት ያገባው ግን ይቅርታም ሳይለምን፥ መምጣት እንደማይቻለው ብቻ ነግሮ መልእክተኛውን መለሰው።

አሁን ይህን ባል ከሲዳማይቱ ሚስት ጋር እናስተያየው። በቃል እንደሚነገረው፥ አንዲት የሲዳማ ሴት ካገባች በኋላ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ወላጆችዋንና ዘመዶችዋን ልትጠይቅ ትሄድ ነበር። ስትሄድም ከእንሰት፥ ከወተትና ከቅቤ የተሰናዳ ቡርሳሜ ትይዝ ነበር፤ ጎረቤትም ይካፈለው ነበር። በዓሉ የርስዋ መታሰቢያ ነው። እስከ ዛሬም አዋቂዎች ከዋክብትን ተመልክተው ቀኑን ይወስናሉ፥ ለየጎሣውም ይነገራል። በመጀመሪያው ቀን ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጎረቤቶቻቸውን ሰላም ይላሉ፤ ቡርሳሜም ይቀርብላቸዋል። ይህ በዓል በ2008 ዓመተ ምሕረት በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ተጻፈ።

የበዓሉን ሥርዓት በሃይማኖት ለመመዘን አልተነሣሁም፤ የምመዝነው ታሪኩን ነው። በእኔ አስተያየት ታሪኩ አንድ ጉድለት አለበት፤ ሴቲቱ በቤትዋ የደከመችውን ድካም አይናገርም። ስለዚህ ቸኩሎ ለሚሰማ ሰው ሥራ የፈታች ትመስለዋለች። እንሰትን የሚያውቅ ሰው ግን ታሪኩ የዘለለውን ራሱ ይሞላዋል። እንሰት ይፋቃል፥ በጉድጓድ ተቀብሮ ይብላላል፥ ይጨመቃል፥ ከዚያ በኋላ ይበስላል፤ ይህም አብዛኛው የሴቶች ድካም ነው። እንግዲያስ በእጅዋ የያዘችው ምግብ የብዙ ቀን ሥራዋ ነበረ። ያ ባል ትዳሩን የመቅሪያ ምክንያት አደረገው፤ ይህች ሚስት ግን የትዳርዋን ሥራ ይዛው የምትሄድ ስጦታ አደረገችው። በዚሁ በዓል የጎሣ መሪዎች ሕዝቡን በርትቶ እንዲሠራ፥ ከስንፍናም እንዲርቅ፥ ሽማግሌዎችንም እንዲያከብርና እንዲረዳ ባንድነት ይመክሩታል። ሥራና ጥየቃ ጠላቶች እንዳይደሉ ከዚህ የበለጠ ምስክር ምን ያሻል?

ነገር ግን በእውነት ጊዜ ያጣ ሰው የለምን? አለ እንጂ። በዓሉ በመዝገብ በተጻፈበት በዚያው በ2008 ዓመተ ምሕረት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። በፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ሰዓቱ የራሱ አይደለምና፥ እርሱን ከምክንያተኛ ጋር መቍጠር ግፍ ነው። ችግረኛውን ከምክንያተኛው የሚለየው ምልክት ግን አንድ ነው። ችግረኛው «ዛሬ አልተቻለኝም፤ እሑድ እመጣለሁ» ብሎ ቀን ይቈርጣል፤ ምክንያተኛው ግን ቀን አይቈርጥም። ያች ሴት የሄደችው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ዓመቱ ሲደርስ አልቀረችም።

ይህን ስጽፍ ሌላውን ብቻ መንቀፌ አይደለም። በቱላ አንድ በሽተኛ ወዳጅ ነበረኝ። «ለሰንበት የማስተምረውን እያዘጋጀሁ ነው» እያልሁ ሦስት ሳምንት ሳልጠይቀው ቀረሁ። የማዘጋጀውም ትምህርት በሽተኛን ስለ መጠየቅ ነበረ። በአራተኛው ሳምንት መርዶው መጣ። ወዲያው መጽሐፌን አጥፌ ተነሣሁ፥ ከሰዓት በፊትም ቱላ ደረስሁ፤ ለጥየቃው ያጣሁትን ጊዜ ለቀብሩ አገኘሁት። መንገዱ ያው መንገድ፥ ሥራዬም ያው ሥራ ነበረ። «ጊዜ የለኝም» የሚለው ቃል ወርቁ ምን እንደ ሆነ ያን ቀን ከመቃብሩ አጠገብ ቆሜ ተረዳሁት።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ የሚጠብቅህ ሰው ካለ ዛሬውኑ ቀን ቍረጥለት። የቈረጥኸውም ቀን ሲደርስ፥ የእጅህን ሥራ ምክንያት ሳታደርግ ከፍሬው ጥቂት ይዘህ ሂድ።