የተረፈውን ብቻ ማንበብ፤ ጦርነትና የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ታሪክ የጥናት ዘዴ

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ከተቀሰቀሰ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ከተከተለ ወዲህ ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ታሪክ የሚጻፈው ሁሉ አንድ ዓይነት ሐዘን ተላብሷል። መንገድ ተዘግቷል፣ ገዳማቱ ጋ መድረስ አይቻልም፣ ስለዚህ ሰላም እስኪወርድ በእጃችን ባለው ፎቶግራፍ እንሥራ ይላል። ሐዘኑ ይገባል። የአል ነጃሺ መስጊድ ተመትቷል፤ ደብረ ዳሞ መጎዳቱ ተዘግቧል፤ የየአጥቢያው ጉዳት ገና ተቆጥሮ አላለቀም። ከሐዘኑ የሚወጣው የጥናት ዘዴ ግን የተሳሳተ ይመስለኛል፤ ጦርነቱን በጥናቱ ላይ ከውጭ እንደወደቀ መሰናክል ያየዋልና። የምናጠናው ሥዕልና ብራና ብዛቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ የት እንደሚገኝ፣ የየትኛው ዘመን ሥራ ጎልቶ እንደሚታይ ከማንም በላይ የወሰነው ጦርነት ነው። ይህን ከቁም ነገር ያልቆጠረ ዘዴ በሰላሙም ጊዜ ጎዶሎ ነበር።

ከ16ኛው መቶ ዘመን በፊት የተሣለውን በአብዛኛው የምናውቀው ከየት እንደሆነ እንመልከት። ከጣና ደሴቶች፣ ከገርዓልታ ገደሎች፣ በገመድ ወይም በታንኳ ብቻ ከሚደረስባቸው ገዳማት ነው። ነገሥታቱ ብዙ ያሠሩበት ቤተ አምሐራ ግን ለፈረሰኛ ክፍት ስለነበር ከኢማም አሕመድ ዘመቻ ያተረፈው እጅግ ጥቂት ነው። ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት መካነ ሥላሴ በ1531 እ.ኤ.አ. ተቃጠለ። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ቀደም ብሎ አይቶታል፤ የውስጡን ወርቅና ብር በአድናቆት የተረከልን ግን ከአቃጣዮቹ ወገን የነበረው ዜና መዋዕል ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ነው። ኢማሙ አብረውት የነበሩትን ዐረቦች ይህን የመሰለ ሕንፃ በሌላ አገር አይተው እንደሆነ መጠየቁንም ጽፏል። የሥነ ጥበብ ታሪክ መጻሕፍታችን ይህን ምስክርነት በአንድ መስመር ያልፉታል፤ የሚያሳዩት ምስል የለማ! በዚህ ምክንያት የዘመኑ ጥበብ በዓይነ ኅሊናችን የገዳም፣ የብራናና የድህነት ጥበብ ሆኖ ቀርቷል። የቤተ መንግሥቱ ጥበብ ስለጠፋ ብቻ ያልነበረ ያህል ተቆጥሯል። ጠላት የጻፈው ዜና መዋዕል ለሥነ ጥበብ ታሪክ ተቀዳሚ ምንጭ መሆን እንደሚችል ለመቀበል ለምን ይህን ያህል እንደከበደን አይገባኝም።

ይህ ጉድለት በይበልጥ የሚታየው ከሁሉም በላይ በሚመሰገነው ዘዴ፣ በስልት ንጽጽር ላይ ነው። የስታኒስላው ኾይናትስኪ የ1983 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ የሥዕሎቹን ርእሰ ጉዳዮች አደራጀልን፤ ማሪሊን ሄልድማን በ1994 እ.ኤ.አ. ፍሬ ጽዮንን በስሙ የሚታወቅ ሰዓሊ አድርገው አቆሙልን። ሁለቱም ትልቅ ሥራዎች ናቸው። የፍሬ ጽዮን ማንነት የቆመው ግን በዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ላይ በተጻፈው ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉ ሰዓሊውን፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብን፣ የገዳሙንም አበምኔት ይስሐቅን ይጠራል። ሌሎቹ ሥራዎች በመልክ መመሳሰል ተጠግተውታል። ዳጋ የነገሥታት ዐፅም ያረፈበት፣ በክፉ ቀንም ንብረት የሚሸሽበት ደሴት ነው። እዚያ የተገኘ ሁሉ እዚያ ተሣለ ማለት አይቻልም፤ ጽሑፉ ባይኖር ኖሮ ስለዚህኛውም ሥዕል እርግጠኛ መሆን ባልቻልን ነበር። ስልት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት ደግሞ የአባ ገሪማ ወንጌሎች አስተምረውናል። ሊቃውንቱ ለረዥም ጊዜ በሥዕሎቹ መልክ ተመርተው ወደ 11ኛው መቶ ዘመን ያስጠጓቸው ነበር። የካርቦን ምርመራው ግን አንደኛውን በ390 እና በ570፣ ሌላውን በ530 እና በ660 እ.ኤ.አ. መካከል አስቀመጣቸው። የግማሽ ሺህ ዓመት ያህል ስሕተት ነው።

ታዲያ መነሻችን ምን ይሁን? በእኔ ዳኝነት ዕቃው የተቆጠረበት ጽሑፍ ነው። በየደብሩ ወንጌል ዘወርቅ ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ የርስት ስጦታ፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር፣ የሰጪውና የዘመኑ አለቃ ስም ይጻፋል። በሐይቅ እስጢፋኖስ የሚገኘው፣ በ1280/81 እ.ኤ.አ. የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የአበምኔቱን ሥዕል ይዟል፤ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር አለ። የሥነ ጥበብ ተማሪ ሥዕሉን ያነሣና ዝርዝሩን ለታሪክ ምሁሩ ይተዋል። ሁለቱን መለየት ትልቅ ጥፋት ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ስለ ሥዕል ይዘት ንፉግ ነው፤ ሥዕል ይህን ያህል ብሎ ቆጥሮ ያልፋል፤ የማንን ሥዕል፣ በምን ቀለም፣ አይልም። መስቀሉ ግን የወርቅ ይሁን የብር ወይም የመዳብ፣ መጎናጸፊያው ከምን ጨርቅ እንደሆነ፣ ማን እንደሰጠው ይናገራል። ከዚህ ንፍገት ራሱ የሚገኝ ዕውቀት አለ፤ ለጠባቂዎቹ የዕቃው ክብር በቁሱና በለጋሹ ይመዘን እንደነበር፣ እኛ የምንጨነቅለት የሰዓሊው እጅ ደግሞ ብዙም የማይመዘገብ እንደነበር ያሳያል። በተለያየ ዘመን የተጻፉ ሁለት ዝርዝሮች አንድ ደብር ውስጥ ሲገኙ ደግሞ በመካከላቸው የጎደለው ዕቃ ቀን ያለው ማስረጃ ይሆናል። አንዱ ሲሸሽ፣ ሌላው ሲዘረፍ፣ ሦስተኛው ከሌላ ደብር በአደራ ሲገባ በኅዳጉ ላይ እናየዋለን። ስሙ ተፍቆ ሌላ ስም የተጻፈበት ቅጠልም ያው ነው፤ ብዙ ካታሎግ ፍቀቱን እንደ ጉዳት ያየዋል፤ ፋቂው ግን የዕቃውን ጉዞ ሳያስበው መዝግቦልናል። የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስ የሚያሳየው ሥዕል፣ ኳዕራተ ርእሱ፣ ይህን በጉልህ ያስረዳል። አውሮፓዊ እጅ የሣለው እንደሆነ በሰፊው ይታመናል፤ የስልት ጥናት ብቻ ይዘን ብንሄድ የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ቦታ ባልነበረው። ነገር ግን ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይዘምቱ ነበር፤ በ1744 እ.ኤ.አ. ዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ ስናር ላይ ሲሸነፉ ተማረከ፤ በቤዛ ተመለሰ፤ በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ላይ ከብሪታንያ ጦር ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ለራሱ ወሰደው። ሥዕሉን ኢትዮጵያዊ ያደረገው ይህ የመማረክና የመዋጀት ታሪክ ነው።

ፎቶግራፍ አለን የሚለው መጽናኛ እዚህ ላይ ይፈተናል። በማይክል ጀርቨርስና በኤቫ ባሊትስካ ቪታኮቭስካ የተደራጀው የፎቶግራፍ ስብስብ መዝገበ ሥዕላት፣ ከ2009 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በትግራይ ያካሄዱት የብራና ቅጂ ሥራ፣ ዛሬ ምትክ የላቸውም። ሆኖም ካሜራ የያዘ ሰው ወደሚያምረው ይሄዳል። የሥዕሉ ጀርባ፣ የመጽሐፉ ድጉስ፣ ሥዕሉ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከየትኛው በር ጎን እንደተለጠፈ ብዙ ጊዜ አልተነሣም። በሸራ ተሥሎ የተለጠፈ ሥዕል ደግሞ ተገሽልጦ ሊሄድ ይችላል፤ በ1932 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዊው ተመራማሪ የግሪዮል ቡድን የጎንደሩን አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አድርጎ አራቁቶ ቅጂ ተክቶለታል። በሌላ አገር ጦርነት የሚወደሰው የሳተላይት ምስልም የቆመ ሕንፃ መፍረሱን ያሳያል እንጂ በቋጥኝ ሆድ ውስጥ ያለውን የአቡነ የማታ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አያይም። ከሁሉም የማከብረው በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን የብራና ማይክሮፊልም ሥራ ነው። ፊልሙ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የሥዕል ተመራማሪዎች ይነቅፉታል። ነገር ግን በአብዮቱ ዘመን ሁሉ ቀጥሎ ከ9,000 የሚበልጡ ብራናዎችን ከዳር እስከ ዳር አነሣ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በ1975 እ.ኤ.አ. በጥይት ተመትተው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከቀሩ በኋላ በአሜሪካ ኮሌጅቪል ተቀምጠው ሥዕሉንም፣ ኅዳጉንም፣ የርስቱን ማስታወሻም በእኩል ትጋት መዘገቡት። ጥበቡን ሊያጠና የተነሣ ሁሉ ቀለም የሌለውን ይህን መዝገብ ከባለቀለሙ አልበም አስቀድሞ ቢከፍት ይሻለዋል።

የጠባቂዎች ትዝታ ማስረጃ አይሆንም የሚል ተቃውሞ መኖሩ የታወቀ ነው። ከፊሉ እውነት ነው፤ የትግራዩ ውቅር ቤተ ክርስቲያን አብርሃ ወአጽብሓ በ4ኛው መቶ ዘመን ተፈለፈለ የሚለውን ትውፊት የሕንፃ ሊቃውንት ብዙ ምዕት ዓመታት ወደዚህ ያመጡታል። ነገር ግን ወንጌሎቹን ራሳቸው አባ ገሪማ ጻፏቸው የሚለው የገዳሙ ትውፊት ከስልት ሊቃውንቱ ይልቅ ለካርቦኑ ውጤት ቀርቦ ተገኝቷል። አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍም በ1966 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ በተደረገው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ላይ ከ120 የሚበልጡ የትግራይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን ሲዘረዝሩ ምንጫቸው የአገሬው ሰው ዕውቀት ነበር፤ ምሁሩ ዓለም እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው ጥቂቱን ነው። ትዝታን እንደ ማንኛውም ምንጭ መርምሮ መጠቀም ይቻላል። ለዚያ ግን የሚያስታውሰው ሰው በሕይወት መኖር አለበት። ሰው እያለቀ ስለ ሥዕል ማውራት ነውር ነው ለሚሉትም ከዚህ የተለየ መልስ የለኝም። በኅዳር ጽዮን በዓል ደንገላት ማርያም ላይ ሰው ሲገደል፣ ካህንና ዲያቆን በየአጥቢያው ሲያልቅ፣ ዕቃው የማን አደራ እንደሆነ የሚያውቀው አብሮ አልፏል። የዕቃ ጠባቂውን፣ የገበዙን፣ ስም በምስጋና መስመር ብቻ የሚጠቅስ ጥናት ዋና ምንጩን ደብቋል፤ ስሙን ሲጽፍ ደግሞ ለአደጋ ሊያጋልጠው ይችላል።

ስለዚህ የኅትመት ልማዳችንም መለወጥ አለበት። ከትግራይ የተዘረፉ ብራናዎች በኢንተርኔት ገበያ ለሽያጭ መቅረባቸው በ2014 ዓ.ም. ሲዘገብ፣ ያልታተመ ዕቃ ባለቤቱን ማረጋገጥ አይችልም፣ ስለዚህ ሁሉም ይታተም የሚሉ ነበሩ። ክርክሩ ጉልበት አለው። ባለቤትነትን የሚያረጋግጠው ግን የኅዳጉ ጽሑፍ፣ የቅጠሉ ልክና የስፌቱ ሁኔታ ነው፤ ሌባውን የሚመራው ደግሞ የሚያምረው ሥዕልና የቦታው አድራሻ ነው። እስከ ዛሬ በብዛት የታተመው ሁለተኛው ነው። ጦርነት ባለበት አካባቢ የሚሠራ ካታሎግ ኅዳጉንና ልኩን በሙሉ ያትም፤ የዕቃ ቤቱን ትክክለኛ ቦታና የጠባቂውን ስም የያዘው ቅጂ በደብሩ፣ በሀገረ ስብከቱና በቅርስ ባለስልጣን ዘንድ ተዘግቶ ይቀመጥ። ሌላ ተመራማሪ ማስረጃውን በራሱ ማጣራት አይችልም የሚል ወቀሳ እንደሚከተል ግልጽ ነው። ማጣራት የሚፈልግ ደብሩን ያስፈቅድ፤ ፈቃዱ ሲዘገይበትም ይጠብቅ።