ከፊቱ በፊት ጀርባውን

በ18ኛው መቶ ዘመን በካንቶን፣ በዛሬዋ ጓንግዡ፣ ለአውሮፓውያን ገዢዎች የተሠራ የኢናሜል ሳህን እጃችሁ ከገባ ሥዕሉን ከማድነቃችሁ በፊት ገልብጡት። ፊቱ ገዢን ለመማረክ የተሣለ ነው፤ የሠሪው እጅ አስቀድሞ የሚለየው ጀርባውና ጠርዙ ላይ ነው።

ነገሩ ከአሠራሩ ይመጣል። ሳህኑ ተቀጥቅጦ የሳሳ መዳብ ነው። ኢናሜል የሚባለውን ነጭ የመስታወት ዱቄት ይለበስና ምድጃ ይገባል፤ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ቀልጦ መዳቡን ይይዛል። መዳብና መስታወት ግን ሲቀዘቅዙ እኩል አይኮማተሩም። አንድ ወገን ብቻ ከተለበሰ ሳህኑ ይጎብጣል፣ ልባሱም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጀርባውም መልበሱ ግድ ነው። ተራ ሠሪ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ ልባሱ አንዱ ቦታ ወፍሮ ሌላው ቦታ ይሳሳል፣ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ቀዳዳዎች ይበዙበታል። ጎበዙ ጀርባውንም እንደ ፊቱ ያለሰልሰዋል፤ አልፎ ተርፎም ገበታ ላይ ሲቀመጥ ማንም በማያየው ቦታ የአበባ ዘለላ ይሥልበታል። እንዲህ ያለ ጀርባ ሳይ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ቀጥሎ ሳህኑን መልሱና ፊቱ ላይ ባለው ሥዕል ሮዙን ቀለም ተመልከቱ። የሚገኘው ከወርቅ ነው፤ እጅግ የደቀቀ ወርቅ መስታወቱ ውስጥ ተበትኖ ያንን ቅላት ይሰጠዋል። በጥሩ ሥራ የአበባው ቅጠል ጫፉ ላይ ደምቆ ወደ ውስጥ እየሳሳ ይሄድና ነጩ ውስጥ ይጠፋል፤ የት ላይ እንዳለቀ ዓይን አይለይም። በደካማው ሥራ አበባው ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ነው።

መዳብ ላይ በኢናሜል የመሣል ጥበቡ ራሱ ወደ ቻይና የገባው ከአውሮፓ ነው። ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ (የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1661 እስከ 1722) በቤተ መንግሥታቸው የኢናሜል መሥሪያ አቋቁመው የካንቶን ባለሙያዎችን ቤጂንግ አስጠርተው ነበር፤ በ1719 ዣን ባቲስት ግራቭሮ የተባለ ፈረንሳዊ የኢናሜል ባለሙያም መጥቶላቸዋል።

ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ፈተና የአውሮፓውያን ፊት ነው። የካንቶኑ ሠዓሊ ብዙ ጊዜ የሚገለብጠው ወረቀት ላይ ከታተመ ሥዕል ነው፤ በህትመቱ ላይ ደግሞ ጥላ የሚሠራው በተደራረቡ ጥቁር መስመሮች ነው። ያልገባው ገልባጭ መስመሮቹን እንዳሉ ጉንጭ ላይ ያሰፍራቸውና ሴትዮዋ ጢም ያላት ትመስላለች። የገባው ሠዓሊ ግን መስመሩን ትቶ ጥላውን በጥቃቅን ነጠብጣብ ይሠራዋል፤ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ነጥብ ነው፣ ራቅ ሲሉ ሥጋ ነው። ሳህኑ የገዢው ቤተሰብ ዓርማ ካለበትም እንዲሁ ነው፤ አንበሳ ቢኖርበት ጥፍሩንና ምላሱን እዩ። ዓርማ ስላለበት ብቻ ዋጋ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ በግዴለሽነት የተሣለ ዓርማ ባዶውን ከቀረ ሳህን ያንሳል።

የተጠገነ ቦታ ለማግኘት ጠርዙን በጣት ዳሱት። ኢናሜል እንደ መስታወት ቀዝቃዛና ጠንካራ ነው፤ በሙጫና በቀለም የተሞላ ቦታ ሞቅ፣ ለስለስ ይላል፣ አንጸባራቂነቱም ይለያል። መዳቡ እስኪታይ የተፈነቀለ ጠርዝ ያስቆጫል፤ ቢሆንም ከተደበቀ ጥገና ይሻላል። ምልክት ፍለጋ ግን አትድከሙ፤ ለንግድ የተሠሩት አብዛኞቹ የሠሪ ስምም ማህተምም የላቸውም።